ጎዳና፣ አደባባይ ወይስ ሕንፃ? በእግር የሚደረስ የሰፈር መገናኛ ስትመርጡ

ባዶ መሬት አለ። ትንሽ በጀት አለ። ኮሚቴም ተቋቁሟል። ስብሰባው ሲጀመር ግን ክርክሩ ወዲያው ወደ ቅርጽ ይሄዳል። አንዱ ፏፏቴ ያለው አደባባይ ይላል። ሌላው ግራና ቀኝ ሱቅ የተደረደረበት ጎዳና ይመርጣል። ሦስተኛው ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስብ ሕንፃ ይፈልጋል። ሦስቱም ወረቀት ላይ ያምራሉ። ወረቀት ላይ የማያምር ፕላን ደግሞ አይቼ አላውቅም።

በእኔ አስተያየት ቅርጽ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የሰፈር መገናኛን በሰው የሚሞላው ጉዳይ ነው። ሰው አስቤዛ ሊገዛ፣ ልጁን ሊያደርስ፣ መድኃኒት ሊያወጣ፣ ጫማውን ሊያሰፋ ከቤቱ ይወጣል። ጎረቤቱን ያገኛል። ቆመው ያወራሉ። መቀመጫና ጥላ ካለ ወሬው ይረዝማል፤ መጀመሪያ ግን ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ ያስፈልጋል። ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በእግር ለሚመጡ ሰዎች ስንት የዕለት ጉዳይ አንድ ቦታ ላይ ያስጨርሳል? (ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

እግር የት ድረስ ይደርሳል?

ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ወደ 80 ሜትር ይራመዳል። በ5 ደቂቃ 400 ሜትር ማለት ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 ስለ ሰፈር አደረጃጀት ባወጣው ሐሳብ የያዘው ርቀት ይኸው ሩብ ማይል ነበር። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን «የ20 ደቂቃ ሰፈር» የምትለው ደርሶ መልሱን ቆጥራ ስለሆነ ከቤት እስከ ቦታው 800 ሜትር ገደማ ይመጣል። ምሁሩ ካርሎስ ሞሬኖ ያቀረበውና በወቅቱ የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎ በ2020 የምርጫ ዘመቻቸው ይዘውት የተነሱት «የ15 ደቂቃ ከተማ» ደግሞ በእግር ሲሰላ 1.2 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

የቱን ትያዙ? እኔ ለዕለት ጉዳይ 400 ሜትር፣ በሳምንት አንዴ ለሚያስፈልግ ጉዳይ 800 ሜትር እላለሁ። ከዚያ ሲርቅ መኪና ያለው ቁልፉን ያነሳል። የሌለው ደግሞ መምጣቱን ይቀንሳል።

ካርታ ላይ ክብ መሳል ግን ያታልላል። ሰው በክብ አይሄድም። ግንብ አለ፣ ወንዝ አለ፣ መኪና የሚከንፍበት መንገድ አለ፣ መውጫ የሌለው ጠባብ መንገድ አለ። በቀጥታ ሲለካ 200 ሜትር የሚርቅ ቤት በእግር ሲሄዱት 700 ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታውን አስቀምጡና መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት። ከተቻለ አንድ አዛውንትና የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ የእግረኛ መብራቶች ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብለው ነው የሚያሰሉት። አዛውንቱ መሃል አስፋልት ላይ ሲቀሩ ችግሩ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ይህን ስታደርጉ ብዙ ጊዜ አንድ የሚገርም ነገር ይወጣል። አጥር ላይ አንድ የእግረኛ በር መክፈት፣ ወይም ቦይ ላይ አንድ ትንሽ ድልድይ መጣል፣ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት የበለጠ ሰው ሊያመጣ ይችላል። ወጪው ደግሞ አይወዳደርም።

መሃል ወይስ ጠርዝ?

ሁሉም ሰው መገናኛውን ከሰፈሩ መሃል ያስቀምጣል። ፔሪ ግን እንዲህ አላደረገም። መሃል ላይ ያስቀመጠው ትምህርት ቤቱን ነው። ሱቆቹን ወደ ጠርዝ አወጣቸው፤ ትልልቅ መንገዶች ከሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ አደረጋቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠርዝ ላይ ያለ ሱቅ ከጎረቤት ሰፈርም ደንበኛ ያገኛል። መሃል ላይ ያለ ሱቅ የሚኖረው በራሱ ሰፈር ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ከስቶክሆልም በስተ ምዕራብ በ1954 የተመረቀው የቬሊንግቢ ማዕከል የተሠራው ከምድር ባቡር ጣቢያው ጋር ተያይዞ ነው። ከባቡር የወረደ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ሱቁን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሲኒማውን ያገኛቸዋል። ሰው በቀን ሁለት ጊዜ የግዱን በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነጋዴ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ፌርማታ ካለ ፌርማታውን ተከተሉ። ከሌለ ጠርዙን ምረጡ። መሃሉን የምመክረው ጠርዙ ላይ ያለው መንገድ ሰው በሰላም የማይሻገረው ሲሆን፣ ወይም ሰፈሩ በጣም ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ሲሆን ብቻ ነው።

ጎዳና

እውነቱን ልናገርና እኔ ለጎዳና አደላለሁ። ጎዳና በአንድ ጊዜ ማለቅ የለበትም። ዛሬ ሦስት ሱቅ፣ ከርሞ ሰባት፣ ከዚያ አሥራ አምስት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱም ብዙ ነው። አንዱ ቢከስር ሌላው ይቀጥላል። መንገዱም ያለ ነው፤ አዲስ መሬት አትገዙም።

የጎዳናን ሕይወት የሚወስነው የሱቆቹ ስፋት ነው። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል ለሕያው ጎዳና በየ100 ሜትሩ ከ15 እስከ 20 በር ይመክራል። ሲሰላ አንድ ሱቅ ፊቱ ከ5 እስከ 7 ሜትር ነው። እግረኛ በየአምስት ሰከንዱ አዲስ ነገር ያያል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት 60 ሜትር መስታወት ዘርግቶ በሩን አንድ ብቻ ሲያደርግ ያ ሁሉ ርዝመት ሙት ነው። ሱፐርማርኬቱ ይምጣ፤ ግን ሆዱ ከኋላ ይሁን። ከፊት ጠባብ መግቢያ ይኑረው፣ ጎንና ጎኑን ትናንሽ ሱቆች ይያዙት።

ሁለተኛው ጉዳይ የመንገዱ ስፋት ነው። አራት ረድፍ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሱቆች በተግባር ሁለት የተለያዩ ጎዳናዎች ናቸው። ሰው ከዚህ ወዲያ ለአንድ ቁልፍና ለአንድ ክር ብሎ አይሻገርም። ሁለት ረድፍ፣ ቀስ ያለ መኪና፣ በየመሃሉ መሻገሪያ ሲኖር ግን ሁለቱ ጎኖች ይጋገዛሉ። ከበጀታችሁ መጀመሪያ የእግረኛ መንገዱን አስፉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ሲሄድ ሦስተኛው ከፊት ቢመጣ ማንም ወደ አስፋልት መውረድ የለበትም።

የጎዳና ድክመቱ ማረፊያ የሌለው መሆኑ ነው። ሁሉም ያልፋል፣ ማንም አይቀመጥም። መድኃኒቱ በየተወሰነ ርቀት አንድ ሱቅ የሚያህል ቦታ ወደ ኋላ ገባ አድርጎ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ማኖር ነው። እግረ መንገዴን ልበልና፣ መቀመጫው ፊቱን ወደ እግረኛው ያዙር። ግድግዳ እያየ የሚቀመጥ ሰው የለም።

አደባባይ

መኪና የሚዞርበትን ሳይሆን ሰው የሚቀመጥበትን አደባባይ ነው የምለው። ለበዓል፣ ለስብሰባ፣ ለልጆች ጨዋታ፣ ለሳምንት ገበያ የሚወዳደረው የለም። ጎዳና ላይ መቶ ሰው ሊሰበሰብ አይችልም።

ትልቁ ስሕተት መጠኑ ላይ ነው። የሰውን ፊት ለይተን፣ ስሜቱን አንብበን የምናውቀው ከ20 እስከ 25 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ከ100 ሜትር ሲያልፍ ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አናውቅም። ለሰፈር የታሰበ አደባባይ ወርዱ 25፣ ርዝመቱ 40 ሜትር ቢሆን ይበቃል ባይ ነኝ። አርባ ሰው ያንን ሲይዘው ሞልቷል ይባላል። ያው አርባ ሰው የእግር ኳስ ሜዳ በሚያህል ቦታ ላይ ቢበተን ቦታው ባዶ ነው የሚመስለው። ባዶ የሚመስል ቦታ ደግሞ ሰው ይሸሻል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ዋይት በ1970ዎቹ የኒውዮርክን ትናንሽ አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ አጥንቶ ነበር። ያገኘው ውጤት ሲሰሙት ያስቃል፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ይህ ግልጽ ነገር ግን በብዙ ፕላን ላይ የለም። ደረጃ፣ ዝቅ ያለ ግንብ፣ የአበባ መደብ ጠርዝ ሁሉ ይቀመጡበታል፤ ቁመቱን ብቻ ለመቀመጫ አመቻቹት። ዋይት በተለይ የወደደው ከቦታ ቦታ የሚነሳ ወንበር ነው። ሰው ወንበሩን ትንሽ ወደ ጥላ ይስባል፣ ትንሽ ከማያውቀው ሰው ራቅ ያደርጋል። እዚያው ኒውዮርክ ያለው ብራያንት ፓርክ የሚባል መናፈሻ በ1992 ታድሶ ሲከፈት ሣሩ ዙሪያ የተደረደረው እንዲህ ያለ ወንበር ነው። ይሰረቃል ብላችሁ ከፈራችሁ ማታ የሚሰበስብ ሰው ቅጠሩ።

አደባባይን የሚያኖረው ዙሪያው ነው። በአራቱም ጎን በር ከሌለ፣ ወይም ሦስቱ ጎን አጥርና የመኪና ማቆሚያ ከሆነ፣ ያማረ ድንጋይ ማንጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። ሱቅ የሌለበት አደባባይ ከምትሠሩ አደባባይ የሌለው ሱቅ ይሻላል።

ሕንፃ

ዝናብና ፀሐይ አይነካውም። መጸዳጃ ቤት አለው። ጥበቃ አለው። አንድ አስተዳዳሪ ስላለው የትኛው ሱቅ ከየትኛው አጠገብ እንደሚሆን ይወስናል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ታሪኩ ግን ያስጠነቅቃል። በኦስትሪያ የተወለደው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን በ1956 በአሜሪካ ሚኒሶታ ሳውዝዴልን፣ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ሠራ። ሐሳቡ መኪና የበዛበት የከተማ ዳርቻ በእግር የሚኬድበት ልብ እንዲያገኝ ነበር። በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻ አስቦ ነበር። ዙሪያውን የከበበው ግን የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ግሩን በስተርጅናው እንዲህ ያሉትን ማዕከሎች በአደባባይ አወገዘ። ሱቆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ሲያዞሩ ለሰፈሩ የሚቀረው ጀርባቸው ነው። በሩ ሲዘጋ አካባቢው ይጨልማል። ማን ተቀምጦ ማን እንደሚባረርም የሚወስነው ዘበኛው ነው።

ሕንፃ የግድ ከሆነ የሲንጋፖርን መንገድ እዩ። እዚያ መንግሥት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመንገድ ላይ ምግብ ሻጮችን ውሃና ፍሳሽ ወዳላቸው፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ ብዙም ወደሌላቸው አዳራሾች አዛወራቸው። ብዙዎቹ ከመኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ወይም አጠገብ ናቸው። ከየአቅጣጫው ይገባባቸዋል። ባህሉ በ2020 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጥላውን ውሰዱ፣ ግድግዳውን ተዉት።

የጥግ ሱቅ

አራተኛው አማራጭ ምንም ማዕከል አለመሥራት ነው። በየመታጠፊያው ቤት ሥር አንድ ሱቅ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ፀጉር ቤት እንዲከፈት መፍቀድ። ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የሚጠይቀው ደንብ ማሻሻል ብቻ ነው። ለእግርም ከሁሉም ይቀርባል። ሰውን ግን አይሰበስብም። ሰፈሩ ተበታትኖ የተሠራ ከሆነና ለሌላው አቅም ከሌለ ከዚህ ጀምሩ።

እንግዲህ የቱ ለማን?

መንገዱ ካለና ጥቂት ሱቆች ከወዲሁ ካሉ፣ ጎዳናውን አሻሽሉ። ከባዶ መሬት ላይ አዲስ ሰፈር የምትሠሩ ከሆነ አጭር ጎዳና ሠርታችሁ መጨረሻው ወይም መሃሉ ላይ በትንሽ አደባባይ አስፉት፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይሻላሉ። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ወይም ብርቱ ሙቀት ካለ ክፍት አዳራሽ። አደባባይ ብቻውን የምመክረው ዙሪያው ቀድሞ በሱቅና በቤት ለተሞላ ቦታ ነው።

መኪናውን ማስወጣት ወይስ ማዘግየት?

ስብሰባ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው መኪና ከቀረ ደንበኛ ይቀራል ይላል። ወጣቱ መኪና ይውጣ ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው።

ኮፐንሃገን ስትረየት የሚባለውን ዋና የገበያ መንገዷን በ1962 ለእግረኛ ዘጋች። ነጋዴዎች ፈርተው ነበር። ዛሬ ከዓለም ታዋቂ የእግረኛ ጎዳናዎች አንዱ ነው። በብራዚል ኩሪቲባ ደግሞ ከንቲባው ዣይሜ ሌርነር በ1972 ዋናውን የንግድ ጎዳና በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለእግረኛ አደረጉት። ነጋዴዎቹ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ሥራው እንዲያልቅ ነበር ጥድፊያው። መኪና ይዘው በግድ ሊያልፉ የዛቱ ሰዎች በመጡ ጊዜ መንገዱ ላይ ረጅም ወረቀት ተዘርግቶ ሕፃናት ሥዕል ሲሥሉ አገኙ።

በሌላ በኩል አሜሪካ አለች። ካላማዙ የምትባል ከተማ በ1959 የገበያ መንገዷን ለእግረኛ መዝጋት ከጀመረች በኋላ ብዙ ከተሞች ተከተሏት። አብዛኞቹ ሙከራዎች ግን አልሰመሩም። ፍሬስኖ በምትባለው ከተማ ያለው ፉልተን ጎዳና በ1964 ለእግረኛ ተከለለ፣ በ2017 ተመልሶ ለመኪና ተከፈተ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ኮፐንሃገን ውስጥ በእግርና በብስክሌት የሚመጣ ሰው ቅርብ ነበር። በአሜሪካ ከተሞች ነዋሪው ወደ ዳርቻ ወጥቶ ስለነበር ጎዳናው የሚጠብቀው በመኪና የሚመጣ ደንበኛ ነበር። መኪናውን ሲያስወጡት ደንበኛውን አስወጡት።

ከደንበኞቻችሁ ስንቱ በእግር እንደሚመጣ ሳታውቁ አትዝጉ። ነጋዴውን ብቻ አትጠይቁ፤ በር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። አብዛኛው በእግር ከመጣ መዝጋት ትችላላችሁ። ካልሆነ አዘግዩት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሰው ቢገጭ የመግደል ዕድሉ 50 ከሚሄደው በብዙ እጥፍ ያንሳል። ፍጥነትን የሚቀንሰው ግን ምልክት ሳይሆን የመንገዱ ጠባብነት፣ ጉብታውና መታጠፊያው ነው።

የባርሴሎና መፍትሔ በመሃል ያለ ነው። ዘጠኝ ብሎክ (በአራት መንገድ የተከበበ የሕንፃዎች ስብስብ አንድ ብሎክ ይባላል)፣ ማለትም 400 በ400 ሜትር ገደማ፣ አንድ ላይ ይያዝና አላፊ መኪና በዙሪያው ይሄዳል። ውስጥ የሚገባው የነዋሪና የዕቃ ማራገፊያ መኪና ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። በ2016 ፖብሌኑ በሚባለው ሰፈር ሲጀመር የተቃወመ ነዋሪ ነበር። በ2018 ሳንት አንቶኒ በሚባለው ሰፈር፣ በታደሰው የገበያ አዳራሽ ዙሪያ ሲሠራ ግን ሕይወት ለማግኘት አልተቸገረም። ሱቁና ገበያተኛው ቀድሞ እዚያው ነበርና።

የመጀመሪያውን በር ለማን?

ሱቅ ሲከራይ ዋናው ጥያቄ ማን የበለጠ ይከፍላል መሆን የለበትም። ሰው ስንት ጊዜ ይመጣበታል ነው። አስቤዛና የሕፃናት ማቆያ በየቀኑ። ፋርማሲና ፀጉር ቤት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ። የቤት ዕቃ መሸጫ በዓመት አንዴ። የማዕዘኑን ሱቅ ለባንክ አትስጡ የምለው ለዚህ ነው። ባንክ ጥሩ ኪራይ ይከፍላል፣ ግን ፊቱ ዝግ ነው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላም ይጨልማል። ጎን ላይ ይቀመጥ።

የመንግሥት አገልግሎት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጤና ጣቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፖስታ ቤት፣ ሰነድ የሚሰጥ ቢሮ በራሳቸው ግቢ፣ በራሳቸው አጥር ውስጥ ይሠራሉ። ኩሪቲባ በየአውቶቡስ መናኸሪያዋ አጠገብ የመንግሥት መስኮቶችን ከሱቅና ከስፖርት ቦታ ጋር አንድ ላይ አድርጋቸዋለች። የምሥራቅ ለንደኑ ታወር ሃምሌትስ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን ሰው ለገበያ ወደሚወጣበት አውጥቶ ከትምህርት ኮርሶች ጋር አዋሕዷቸዋል። ለነጋዴ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው፦ ገበያ ሲቀዘቅዝም ቤተ መጻሕፍት ሰው ያመጣል።

ከዚያ ኪራይ አለ። ቦታው ሲደምቅ ኪራይ ይወደዳል፣ ጫማ ሰፊውና መጻሕፍት ሻጩ ይለቃሉ። ለመነሻ ያሰባችሁት ጉዳይ በሙሉ የነበረው ግን እነሱ ዘንድ ነው። ፓሪስ ከ2004 ጀምሮ በከተማዋ ድርጅት በኩል ከሕንፃ ሥር ያሉ ሱቆችን እየገዛች ለትናንሽ ነጋዴዎች ስታከራይ ቆይታለች። እናንተም ሁሉንም ባይሆን ሁለት ሦስት በር በማኅበር ወይም በማዘጋጃ ቤት ስም አስቀሩ። በኋላ ለመግዛት ብትሞክሩ ዋጋው አይቀመስም።

ከመሥራት በፊት መሞከር

ኒውዮርክ በ2009 ታይምስ ስኩዌር ላይ መንገድ ስትዘጋ መጀመሪያ ያስቀመጠችው ርካሽ ተጣጣፊ ወንበር ነው። ድንጋዩ የተነጠፈው ሐሳቡ ከሠራ በኋላ ነው። ለሰፈርም ይሠራል። ቀለም፣ የአበባ ሣጥን፣ የተውሶ ወንበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜያዊ መሸጫ በቂ ነው። ቢያንስ አንድ ዝናባማና አንድ ፀሐያማ ወር ይቆይ።

በሙከራው ወቅት ያለፈውን ሰው ሳይሆን የቆመውንና የተቀመጠውን ቁጠሩ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለየብቻ። ሴቶች ከወንዶች በጣም ካነሱ ብርሃኑን፣ መጸዳጃውንና ዙሪያውን መርምሩ፤ ቦታው አያስተማምንም ማለት ነው። ልጆች ከሌሉ መንገዱን፣ አዛውንት ከሌሉ መቀመጫውንና ደረጃውን እዩ። ብዙ ሰው እያለፈ ጥቂት ብቻ ከቆመ ደግሞ የጎደለው ጉዳይ ነው፤ የትኛው አገልግሎት እንደሌለ እዚያው የሚያልፉትን ጠይቁ።

ሙከራው ሠርቶ ወደ ግንባታ ስትገቡ፣ የሚጠርገው፣ አምፖል የሚቀይረውና ወንበር የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ገቢ እንደሚከፈለው በውል ይጻፍ። ፊርማው ከኮንትራክተሩ ውል በፊት ይሁን።